ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ፦ የሳንባ ሕመም የሚመላለስባቸው የአዊ ሕፃናት

የአዊ ዞን ዋና ከተማ እንጅባራ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ የምትገኝ ደገኛ ናት። ክረምት ሲገባ ሰው ከብርዱ ሸሽቶ እሳት ዳር ይሰበሰባል፤ ሳሉም ከልጅ ወደ ልጅ ይጋባል። ትልልቆቹ እንደ ጉንፋን ያልፉታል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ጡት መሳብ ያቅተዋል፤ በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

በዚህ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ መንስኤው አር ኤስ ቪ የተባለው ቫይረስ ነው። ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያልያዘው ልጅ የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ 3.6 ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን አልጋ አስይዟል፤ ከ100,000 በላይ ገድሏል። ሟቾቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የእኛን በመሰሉ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። አገራችን የሳንባ ምች ባክቴሪያን የሚከላከለውን የኒሞኮካል ክትባት እ.ኤ.አ. በ2011 መስጠት ስትጀምር የባክቴሪያውን በር ጠበብ አድርጋዋለች፤ የቫይረሱ ግን ገርበብ እንዳለ ነው። አንቲባዮቲኩ አሞክሲሲሊን ቫይረስ አይገድልም። ሕፃኑን የሚያተርፈው ኦክስጅን፣ ፈሳሽና የእናት ጡት ነው።

ልጁ ተሽሎት ይወጣል። የቆሰለው የአየር ቧንቧ ግን ለመዳን ሳምንታት ይፈልጋል፤ በዚህ መሐል ሌላ ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ሲጨመር ሲርሲርታው ይመለሳል። የሚመለሰውም ወደዚያው የማገዶ ጭስ ወዳለበት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 41 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ፤ የተጎዳ ሰውነት ደግሞ ሁለተኛውን ሕመም የሚቋቋምበት አቅም የለውም። በምሥራቅ አፍሪካ የተሠሩ ጥናቶች ከሆስፒታል በወጡ ወራት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ተኝተው ሳሉ ከሚሞቱት እንደማያንሱ አሳይተዋል። ኬንያ ውስጥ ከሆስፒታል ለሚወጡ ሕፃናት አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ተሰጥቶ ተሞክሮ ነበር፤ ሞቱንም ዳግም መተኛቱንም አልቀነሰም።

በሀብታም አገሮች በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ የሚተኛ ታካሚ ሲበዛ ሆስፒታሉ ይወቀሳል። ይህን መለኪያ እንዳለ አዊ ላይ ማዋል ያሳስታል ባይ ነኝ። ለከፍተኛ ሕክምና ከአዊዋ ዳንግላ እስከ ባሕር ዳር ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። የጤና መድህን ያላት እናት እንኳ የትራንስፖርቱን ከኪሷ ትከፍላለች። ስለዚህ ዳግም የተኛ ሕፃን መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይታያል፤ ቤቱ የቀረው አይታይም። ቁጥሩ ማነሱ ብቻውን ሊያስደስተን አይገባም።

ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአር ኤስ ቪ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም ጤና ድርጅትን የጥራት ማረጋገጫ አግኝቷል፤ ዞኑ ድረስ እስኪዘልቅ ግን ዛሬ የሚሠራ ሥራ አለ። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት በላይ ያለው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ መመለስ አለበት። ይህን በመውጫው ቀን የልጁን ደረት ገልጦ፣ አብሮ እየቆጠረ ለእናቲቱ የሚያሳያት ነርስ ያስፈልጋታል፤ በአፍ መፍቻዋ በአውኚ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ።