ሰሌን፦ የዘንባባ ምንጣፍ አሠራር

ሰሌን ከዘንባባ ቅጠል በእጅ የሚታታ ምንጣፍ ነው። በሌላ አገር ከአሮጌ ጨርቅ ቅዳጅ እየተጎነጎነ ከሚሠራው ምንጣፍ ጋር ዘዴው ይቀራረባል፤ መጀመሪያ ረጅምና ጠባብ ጉንጉን ይዘጋጃል፣ ቀጥሎ ጉንጉኑ ጠርዝ ለጠርዝ ይሰፋል። የጨርቁ ግን እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ከመሐል ወደ ዳር ይዞራል፤ የሰሌኑ ቀጥ ብሎ ጎን ለጎን ይደረደራል።

በሰሜን ወሎ የቤት ምንጣፍ የአየር ንብረትን ይከተላል። ደገኛው በግ ስላለው ከጠጉሩ ባና ያሸምናል፤ ቁርበትም ያነጥፋል። የሀብሩ ወረዳ ግን በምሥራቅ ከአፋር ክልል ጋር ይዋሰናል፤ ከዚያ በታች ያለው ሞቃት ቆላ የዘንባባ አገር ነው። አፋሮች በሰሌን ይተኛሉ፤ ከቦታ ቦታ የሚያጓጉዙትን ቤታቸውንም በሰሌን ይሸፍናሉ። ሥራው የሴቶች ነው። ወልድያና የሀብሩ ዋና ከተማ መርሳ የደጋውና የቆላው ሰው የሚገናኝባቸው የገበያ ከተሞች ናቸው።

ለሥራው የሚፈለገው ገና ያልተዘረጋው ለጋ ቅጠል ነው፤ የበሰለው ይደርቅና ይሰበራል። ለጋው ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በቁመቱ በቀጫጭኑ ይሰነጠቃል፣ ከመታታቱ በፊት በውኃ ይርሳል። የእርጥበቱ ልክ ትልቁ ጥበብ ነው። ካነሰ ቅጠሉ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ከበዛ ደግሞ ያበጠው ቅጠል ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ሰሌኑ ይሳሳል፣ አቧራና እህልም ያሾልካል።

ቅጠሎቹ በሰያፍ አንዱ ከአንዱ በላይና በታች እያለፉ ይታታሉ፤ ጠርዝ ላይ የደረሰው ተቆልምሞ ይመለሳል። አንዱ ሊያልቅ ሲል አዲስ ቅጠል ይቀጠልበታል፤ ትርፍ ጫፉ ከሥር ይቀርና በኋላ ይከረከማል። ጉንጉኑ ብዙ ክንድ ሲሆን በሚፈለገው ቁመት ተለክቶ ይደረደራል፣ ከዘንባባው በተገመደ ገመድም ይሰፋል። ገመዱ በሁለቱ ጠርዝ እጥፋት ውስጥ ለውስጥ ስለሚያልፍ በጥሩ ሰሌን ላይ ስፌቱን መለየት ያስቸግራል። ሞሰብ ከሚሰፋበት ጥበብ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ሞሰብ ከመነሻው በወስፌ ይሰፋል፣ ሰሌን ግን መጀመሪያ ይታታል።

ሰሌን መኝታና መቀመጫ ይሆናል፤ እህልና በርበሬ ይሰጣበታል። በክርስቲያኑ ልማድ አስከሬን ተጠቅልሎ የሚቀበረውም በሰሌን ነው። ዛሬ በየገበያው የፕላስቲክ ምንጣፍ በዝቷል፤ በውኃ መታጠቡና መቅለሉ ተወዳጅ አድርጎታል። ሲቀደድ ግን ይጣላል። ሰሌን ይጠገናል፦ ያረጀው ጉንጉን ስፌቱ ተፈትቶ ይወጣና በአዲስ ይተካል።

ጥሬ ዕቃው የሚቀጥለው ቆራጩ ሲጠነቀቅ ነው። የአፋር ቆላ ዘንባባ ግንድ ከብዙዎቹ የዘንባባ ዓይነቶች በተለየ መንታ እየሆነ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚያድገው አናቱ ላይ ባለችው አንዲት እምቡጥ ብቻ ነው። እምቡጧ ከተቆረጠች ቅርንጫፉ ይሞታል። ስለዚህ ከአንድ አናት ጥቂት ለጋ ቅጠል ብቻ ይወሰድና ሌላ እስኪያወጣ ይተዋል።