የጎደለው ሕዋስ ምስክርነት

አንዲት የደብረ ኤልያስ ባለሙያ ሴት፣ ጌሾ ለጠላዋ የሚሰጠውን ነገር በእርግጥ ለማወቅ ፈለገች እንበል። ዘዴው ቀላል ነው። ሁለት ጋኖች አጥና ታዘጋጃለች። በሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ውሃ፣ ከአንድ ጎተራ የወጣ ገብስና በአንድ ቀን የተዘጋጀ ብቅል ትጨምራለች። በአንደኛው ጋን ጌሾ ታገባለች፤ በሁለተኛው ግን አታገባም። ጠላው ሲደርስ ሁለቱን ብትቀምስ፣ በአንደኛው የተገኘውና በሁለተኛው የታጣው ጣዕም ከጌሾው የመጣ መሆኑን ትረዳለች። ምሬቱ በሁለቱም ጋኖች ከተገኘ ግን ምንጩ ጌሾው ብቻ አይደለም ማለት ነው። እንግዲህ ጌሾ የሌለበት ጋን ለመጠጥ ባይመረጥም፣ ለማስረጃነት ግን እጅግ ይጠቅማል።

የሰውን ሕዋስ የሚመረምሩ ሊቃውንትም በዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ። የሕዋስን ሥራ በአብዛኛው የሚያከናውኑት ፕሮቲኖች ናቸው። ለእያንዳንዱ ፕሮቲን አሠራር መመሪያ የሚሰጠው ዘረ መል ወይም ጂን ይባላል። በሰው ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚያሠሩ ዘረ መሎች ወደ 20,000 ይደርሳሉ። ከዚህ ሁሉ መካከል አንዱን ፕሮቲን ለይቶ ለማግኘት ተመራማሪው ጸረ አካል የተባለውን ነገር ይጠቀማል። ጸረ አካል፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ ለመያዝ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ለቤተ ሙከራ ሥራ ሲሆን ደግሞ፣ የተፈለገውን ፕሮቲን ብቻ እንዲይዝ ታስቦ ተዘጋጅቶ በብልቃጥ ይሸጣል።

ምርመራው የሚካሄደው እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሕዋሳቱ እንደ ሳሙና ባለ ፈሳሽ እንዲፈርሱ ይደረጋል። ከዚያ የሚገኘው ፈሳሽ የሕዋስ ጭማቂ ሊባል ይችላል። ጭማቂው እንደ ረጋ ሙጫ ባለ ገበታ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲነዳ፣ ትናንሾቹ ፕሮቲኖች ርቀው ይሄዳሉ፤ ትልልቆቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በመጨረሻም ፕሮቲኖቹ ወደ ስስ ወረቀት መሰል ነገር ተላልፈው ጸረ አካሉ ይጨመርባቸዋል። ጸረ አካሉ በያዘበት ቦታ አንድ መስመር ጎልቶ ይታያል።

ይሁን እንጂ መስመሩ መታየቱ ብቻ እውነትን አያረጋግጥም። ጸረ አካሉ የተፈለገውን ፕሮቲን ትቶ ሌላውን ይዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም ተመራማሪው ጌሾ የሌለበትን ጋን የሚመስል ሕዋስ ያስፈልገዋል። ይህም የአንዱ ፕሮቲን ዘረ መል ሆን ተብሎ የተበላሸበት ሕዋስ ነው።

ለዚህ ተግባር የሚያገለግለው ዋነኛ መሣሪያ ክሪስፐር ይባላል። መሠረቱ ባክቴሪያዎች ራሳቸውን ከቫይረስ የሚከላከሉበት ዘዴ ነው። ኤማኑዌል ሻርፓንቲዬና ጄኒፈር ዳውድና በ2012 እ.ኤ.አ. ይህን መሣሪያ በተፈለገው ቦታ ላይ እንዲቆርጥ ማዘዝ እንደሚቻል አሳዩ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዘረ መሉ ሲቆረጥ ሕዋሱ ቁስሉን ለመጠገን ይጣደፋል። በጥገናው ጊዜ ጥቂት የመመሪያው ፊደሎች ይጎድላሉ ወይም ይጨመራሉ፤ መመሪያው ስለሚፋለስም ትክክለኛው ፕሮቲን ሳይሠራ ይቀራል። አብዛኛው የሰው ሕዋስ ከየዘረ መሉ ሁለት ሁለት ቅጂ ስላለው ሁለቱንም ማበላሸት ያስፈልጋል። ሃፕ ዋን የተባለው የቤተ ሙከራ ሕዋስ ግን በአብዛኛው አንድ ቅጂ ብቻ ስላለው ለዚህ ሥራ አመቺ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚያ በኋላ የሙሉው ሕዋስና የጎደለው ሕዋስ ጭማቂዎች ጎን ለጎን ይመረመራሉ። መስመሩ በመጀመሪያው ታይቶ በሁለተኛው ከጠፋ፣ ጸረ አካሉ ታማኝ ነው። በሁለቱም ከታየ ግን ሌላ ነገር እየያዘ ነው። ደግሞም መስመሩ የጠፋው ጭማቂው ስላነሰ እንዳይሆን፣ በሁለቱም ውስጥ ሊገኝ የሚገባው እንደ አክቲን ያለ ሌላ ፕሮቲን አብሮ ይታያል።

የዚህ ጥንቃቄ ጥቅም በተግባር ተረጋግጧል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት፣ ለ65 ፕሮቲኖች የተሸጡ 614 ጸረ አካላትን በዚህ ዘዴ ፈተነ። ከግማሽ የሚበልጡት ቢያንስ በአንድ ዓይነት አገልግሎት ፈተናውን ወደቁ። ዘዴው ግን ወሰን አለው። አንዳንድ ዘረ መል ሲጠፋ ሕዋሱ ራሱ ስለሚሞት፣ ለእንዲህ ያለው የጎደለ ሕዋስ ሊዘጋጅለት አይችልም።

ይህ ነገር ለደብረ ኤልያስ ገበሬ ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3.3 በመቶ የሚሆኑት ከአፈር የሚመጣው የእግር ዝሆኔ እንደያዛቸው ገለጸ። በሽታው በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ ጋር የተያያዘ ነው። በዘር ሐረግ ውስጥ ስለሚደጋገም እንደ እርግማን እየተቆጠረ ብዙዎችን ከትዳርና ከማኅበር አግልሏል። በዚያው ዓመት በፋሲል ተኮላ አየለና በባልደረቦቹ የታተመ ሌላ ጥናት፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጸረ፤ ለበሽታው መጋለጥም ኤች.ኤል.ኤ. ከተባሉት ዘረ መሎች ጋር ግንኙነት እንዳለው አገኘ። እነዚህ ዘረ መሎች የሚያሠሯቸው ፕሮቲኖች የባዕድ ነገርን ቁራጭ ለሰውነት ተከላካዮች የሚያሳዩ ናቸው። በዚህም ጥናት ማስረጃው የተገኘው ከማነጻጸር ነው፤ ያለ ጤነኞቹ የሕሙማኑ ብቻ መረጃ ምንም አይናገርም ነበር። እነዚህን ፕሮቲኖች በሕሙማን ቆዳ ውስጥ በጸረ አካል የሚፈልግ ተመራማሪም አስቀድሞ ጸረ አካሉን ፕሮቲኑ በሌለበት ሕዋስ ሊፈትነው ይገባል። አለዚያ የሐሰት መስመር ተከትሎ ዓመታት ያባክናል፤ ሕመምተኛውም በከንቱ ይጠብቃል። እስከዚያው ግን መከላከያው ይታወቃል፤ እርሱም እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር መኖሩን የሚያስረዳን ባለበት መታየቱ ብቻ ሳይሆን፣ በሌለበት አለመታየቱም ጭምር ነው።

መልመጃ 1። ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
ሀ. ጌሾ የሌለበት ጋን በምንባቡ ውስጥ የምን ምሳሌ ነው?
ለ. መስመሩ በሁለቱም ጭማቂዎች ቢታይ ምን ትደመድማላችሁ?
ሐ. አክቲን አብሮ የሚታየው ለምንድን ነው?

መልመጃ 2። «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህም»፣ «ዳሩ ግን» እና «አለዚያ» የተባሉት አያያዥ ቃላት በምንባቡ ውስጥ ምንን ከምን እንዳያያዙ ግለጹ፤ በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

መልመጃ 3። በአካባቢያችሁ እንደ እውነት የሚነገር አንድ ነገር መርጣችሁ፣ ያለበትንና የሌለበትን በማነጻጸር እንዴት ሊፈተን እንደሚችል የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።