«ዦሊ ብሎንድ»፦ በቫዮሊንና በአኮርዲዮን መካከል የኖረ ዋልዝ

ከካጁኖች ዘፈን ሁሉ በስፋት የታወቀው «ዦሊ ብሎንድ» ነው፤ ጥላው ስለሄደች ፀጉረ ወርቅ ፍቅረኛው የሚያዝን ሰው ዋልዝ (ባለ ሦስት ምት የጭፈራ ዜማ)። ካጁኖች በደቡብ ሉዊዚያና የሰፈሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው። እንግሊዞች አያቶቻቸውን ከዛሬዋ የካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ማፈናቀል የጀመሩት በ1755 ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዘፈኑ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በዘፋኞቹ ስም ይተረካል። እኔ ግን መሣሪያዎቹን ብንከተል ይበልጥ ይገባናል ባይ ነኝ።

አኮርዲዮን ሳይመጣ በፊት የመንደሩን ጭፈራ የሚመሩት ሁለት ቫዮሊኖች ነበሩ፤ አንዱ ዜማውን ሲያወጣ ሌላው ከሥር ምቱን ይይዝለታል። ቫዮሊን ተጫዋቾቹ ዴኒስ ማጊና ሴዲ ኩርቪል በ1929 ያስቀረጹት ሙዚቃ ይህን የቆየ አጨዋወት አቆይቶልናል። የጀርመኑ አኮርዲዮን ሲገባ ግን ሚዛኑ ተናጋ። መብራት በሌለበት፣ እግር ወለሉን በሚደበድብበት አዳራሽ የአኮርዲዮን ድምፅ ጥግ ድረስ ይሰማል፤ ቫዮሊን አይሰማም። በዚያ ላይ አኮርዲዮኑ ባለ አሥር ቁልፍ ነው። የተቃኘበትን ድምፅ መለወጥ አይችልም፤ ብዙ ድምፆችም ይጎድሉታል። ስለዚህ የሚታዘዘው ቫዮሊኑ ሆነ፦ ተጫዋቹ ክሮቹን አንድ ሙሉ ድምፅ አላልቶ ከአኮርዲዮኑ ጋር ይቃኛል።

ዘፈኑ በሸክላ የተቀረጸው በዚህ ዘመን ነው። በ1929 የብሮ ቤተሰብ ልጆች አትላንታ ላይ «ፍቅሬ ሄደች» በሚል ትርጉም ባለው ርዕስ አስቀረጹት። አሜዴ አኮርዲዮን እየተጫወተ ዘፈነ፤ ኦፊ በቫዮሊን፣ እህታቸው ክሊዮማ በጊታር አጀቡት። የዘፈኑ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ግን ያኔ ጫና ላይ ነበር፤ የ1921ዱ የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት የትምህርት ቤቱን ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ አድርጎ ስለነበር ልጆች በአፍ መፍቻቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር።

የቫዮሊኑን ዕድል የመለሰው የድምፅ ማጉያ ነው። ሉደሪን ዳርቦን የተባለው ቫዮሊን ተጫዋችና ጓደኞቹ፣ ሃክቤሪ ራምብለርስ የተባለው ባንድ፣ መብራት ባልገባባቸው አዳራሾች ማጉያቸውን በፎርድ መኪና ሞተር ኃይል ያሠሩ ነበር። ዘፈኑን በ1930ዎቹ አጋማሽ ዛሬ በሚታወቅበት ስም ያስቀረጹትም እነሱ ናቸው። ይህ ለእኔ ትልቁ መታጠፊያ ነው። ድምፁን ለማሰማት መታገል የቀረለት ተጫዋች ቀስቱን ለስለስ አድርጎ ረጅም መጎተት ይችላል፤ የዋልዙ ሐዘንም የሚኖረው በእነዚያ ረጃጅም ድምፆች ውስጥ ነው።

ይህን ነፃነት እስከ ጥግ የተጠቀመበት ቫዮሊን ተጫዋቹ ሃሪ ቾትስ ነው። በ1946 ለሂዩስተኑ ጎልድ ስታር ኩባንያ ቀረጸው፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ በቢልቦርድ የሕዝብ ዘፈኖች ሠንጠረዥ አራተኛ ደረጃ ደረሰ። ፈረንሳይኛ የማይሰማው አሜሪካዊ የወደደው ግጥሙን ሊሆን አይችልም፤ የያዘው የቫዮሊኑ ለቅሶ ነው። ቾትስ በ1951 ኦስቲን እስር ቤት ውስጥ ሲሞት ገና 28 ዓመቱ ነበር። የካንትሪ ዘፋኙ ዋለን ጄኒንግስም በ1958 የመጀመሪያ ሸክላው ያደረገው ይህንኑ ዘፈን ነው፤ ቃላቱን ሳያውቃቸው በድምፃቸው ብቻ ይዞ።

በዚህ መካከል አኮርዲዮን ወደ ኋላ ቢልም ጨርሶ አልጠፋም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነ አኮርዲዮን ተጫዋቹ አይሪ ሌጁን መልሰው ወደ ፊት አመጡት። ዛሬ የካጁን ባንድ «ዦሊ ብሎንድን» ሲጫወት ሁለቱ መሣሪያዎች ዜማውን ዙር በዙር ይቀባበሉታል፤ ብዙ ቫዮሊን ተጫዋቾችም አሁን ድረስ ክራቸውን ለአኮርዲዮኑ ብለው አላልተው ይቃኛሉ።