ቋቁቻ የሚመስለው መርዝ

አርሴኒክ በመጠጥ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የለውም። ውኃው ኩልል ብሎ ይታያል፤ ቢፈላም መርዙ አይወጣም፣ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን ይጠናል። ጉዳቱን ለዓይን የሚያጋልጠው ለዓመታት የጠጣው ሰው ቆዳ ነው።

ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ቆይቶ ይወጣል። ደረት፣ ሆድና ጀርባ ይጠቁራል፤ በጠቆረው መሐል ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ይበተናሉ፤ ካፊያ የጣለበት አቧራማ መንገድ ይመስላል። በሽተኛው «ቋቁቻ ነው» ብሎ ቅባት ሊገዛ ይችላል። ቀጥሎ መዳፍና ውስጥ እግር ይሻክርና ሲዳሰሱ የሚቆረቁሩ ጥቃቅን ጠጣር ጉብታዎች ያወጣል። የጉልበት ሠራተኛ «የሥራ እጅ ነው» ብሎ ያልፈው ይሆናል። ሥራ ያጠጠረው ቆዳ ግን መሣሪያው በሚፈገፍግበት ቦታ ይወሰናል፤ ይኼኛው በሁለቱም መዳፍና በሁለቱም እግር ይታያል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መጠጣቱ ከቀጠለ ግን የቆዳ፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።

አንድ በሽተኛ ሲገኝ ከዚያው ጉድጓድ የሚጠጣው ጎረቤቱ ሁሉ መታሰብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዶክተር ኬ. ሲ. ሳሃ በካልካታ የበሽተኞቻቸውን ቆዳ አይተው ነበር የምዕራብ ቤንጋልን የጉድጓድ ውኃ የጠረጠሩት። በባንግላዴሽም ሕፃናትን ከተቅማጥ ለማዳን የተቆፈሩ ጉድጓዶች ሚሊዮኖችን ለአርሴኒክ አጋልጠዋል።

በአገራችን ሥጋቱ በይበልጥ የተጠናው በስምጥ ሸለቆ ነው። እሳተ ገሞራ የፈጠረው አለት ጥርስ ከሚያበልዘው ፍሎራይድ ጋር አርሴኒክንም ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይለቃል። በአንዳንድ ጉድጓዶች መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ10 ማይክሮግራም በሊትር ገደብ በላይ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ የነዋሪዎችን የእግር ጥፍር መርምሮ የመርዙን ዱካ አግኝቷል።

በአዲስ አበባ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪም የሚጠቀምበት የግል ጉድጓድ ካለ ጥራቱን በዓይኑ አይመን፤ ውኃውን ላቦራቶሪ ያስመርምር፤ አርሴኒክ እንዲለካለትም በስም ይጠይቅ። ገላው ላይ ነጠብጣብ፣ መዳፉ ላይም ጉብታ ያየ ሰው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ፤ ለዓመታት የት ኖሮ፣ ከየትኛው ጉድጓድ ሲጠጣ እንደነበር ይንገር። ሐኪሙም ሳይነገረው ይጠይቅ። ዋናው ሕክምና ያንን ውኃ መጠጣት ማቆም ነውና።