ቀን ያልተጻፈበት ደረሰኝ፦ የዘገየ ዕቃ ካሳ በሕግና በመናኸሪያ

የዘገየ ዕቃ ካሳ የሚባለው አጓጓዥ፣ ፖስታ ቤት ወይም የፈጣን መልእክት ድርጅት አደርሳለሁ ባለበት ጊዜ ሳያደርስ ሲቀር የተከፈለው የማጓጓዣ ዋጋ በሙሉ ወይም በከፊል የሚመለስበት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ያለፈ ኪሳራ የሚተካበት ሥርዓት ነው። ዕቃ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር ከሚከፈለው ካሳ የሚለየው፣ በመዘግየት ጊዜ ዕቃው ሙሉ ሆኖ፣ ማሸጊያው ሳይነካ ሊደርስ ስለሚችል ነው። ለዒድ አልፈጥር ወይም ለገና ገበያ ከአዲስ አበባ የታዘዘ የልጆች ልብስ በዓሉ ካለፈ በኋላ ደሴ አጠገብ ያለችው ቦሩ ሜዳ ቢደርስ ከልብሱ አንድ ቁልፍ እንኳ አይጎድልም፤ የነጋዴው ገንዘብ ግን እስከሚቀጥለው በዓል ድረስ መደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀራል። የመዘግየት ካሳ ሕግ የሚያተኩረው በዚህ በዓይን በማይታይ ጉዳት ላይ ስለሆነ፣ ከመጥፋትና ከመሰበር ይልቅ ማስረጃው የሚከብድ የክርክር ዘርፍ ሆኗል።

ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቀውና ያለክርክር የሚፈጸመው መልኩ የአሜሪካ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ፈጠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1973 ከሜምፊስ ከተማ በ14 አነስተኛ አውሮፕላኖች ሥራ የጀመረው ፌድኤክስ ይሸጥ የነበረው ከጭነት ይልቅ ሰዓት ነበር ማለት ይቻላል፤ ከዚህም የተነሣ ዕቃው ከተባለው ሰዓት በ60 ሰከንድ ቢዘገይ እንኳ የማጓጓዣ ክፍያውን የመመለስ ዋስትና እስከ መስጠት ደረሰ፤ ተፎካካሪው ዩፒኤስም ተመሳሳይ ዋስትና ያዘ። የዋስትናው ጥቅም ደንበኛው የደረሰበትን ኪሳራ እንዲያስረዳ የማይጠየቅ መሆኑ ነው፤ የተባለው ሰዓትና የደረሰበት ሰዓት ሁለቱም በመዝገብ ላይ ስላሉ የሚቀረው ሁለቱን ማነጻጸር ብቻ ነው። ብዙ ዕቃ የሚልኩ ኩባንያዎች ይህን ማነጻጸር ራሳቸው መሥራት ሲያዳግታቸው፣ የሌላውን ሰው ሂሳብ እየመረመሩ የዘገየውን እየለቀሙ ከሚመለሰው ገንዘብ ድርሻ የሚወስዱ ድርጅቶች ተፈጠሩ። ይሁን እንጂ ዋስትናው የውል ቃል እንጂ የሕግ ግዴታ ስላልሆነ ሰጪው ሊያነሣው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሲስፋፋ ሁለቱም ድርጅቶች ዋስትናቸውን ያገዱት በዚህ መብታቸው ነው። በጉምሩክ የተያዘ፣ አድራሻው የተሳሳተ ወይም ተቀባዩ ያልተገኘለት ዕቃም ከመጀመሪያው ከዋስትናው ውጭ ነው።

ከደሴ በስተሰሜን አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ለምትገኘው፣ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በሰበሰቡት የሃይማኖት ጉባኤና ዛሬ ደግሞ በሆስፒታሏ ለምትታወቀው ቦሩ ሜዳ፣ ዕቃ የሚመጣበት መንገድ ከዚህ ሥርዓት እጅግ የራቀ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ጭነት ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማበርንና ከሚሴን አልፎ፣ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ትልቁ ጭነት በከባድ መኪና፣ ትንሹ ካርቶን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአውቶቡስ ሆድ ወይም ጣሪያ ላይ ይመጣና ተቀባዩ በስልክ ተጠርቶ ከመናኸሪያ ይወስደዋል። ከደሴ እስከ ቦሩ ሜዳ ያለው ቀሪ መንገድ በሌላ ተሽከርካሪ፣ በሌላ ሰው እጅና በሌላ ክፍያ የሚሸፈን ስለሆነ፣ መዘግየቱ በየትኛው እጅ እንደተፈጠረ መለየት ራሱን የቻለ ችግር ነው። ለላኪው የሚሰጠው ወረቀት፣ የሚሰጥ ከሆነ፣ የዕቃውን ብዛት፣ የተከፈለውን ገንዘብና የተቀባዩን ስልክ ይይዛል፤ የመድረሻ ቀን የሚጻፍበት ግን እምብዛም ነው። «ነገ ይደርሳል» የሚለው ቃል በአፍ ይነገራል፣ በአፍም ይቀራል።

የሚገርመው ግን ሕጉ ለጉዳዩ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውል አለመፈጸም የደነገጋቸው አንቀጾች የቦሩ ሜዳውን የልብስ ነጋዴ ጉዳይ አስቀድመው ያሰቡ ይመስላሉ። በመርህ ደረጃ፣ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ቁጥር 1772 ያዛል፤ ማስጠንቀቂያ ማለት ፍርድ ቤት የሚሄድ ክስ ሳይሆን «ፈጽምልኝ» የሚለውን ፍላጎት በግልጽ የሚያሳይ ጥያቄ ነው። ሆኖም ቁጥር 1775 ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚያደርጉ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም አንዱ ግዴታው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ ሊፈጸም የሚችል ሆኖ ያ ጊዜ ሲያልፍ፣ ሌላው ደግሞ ተዋዋዮቹ ቀኑ እንዳለፈ ያለማስጠንቀቂያ ውሉ እንደተጣሰ ይቆጠራል ብለው ሲስማሙ ነው። ለበዓል የታዘዘ ዕቃ የመጀመሪያውን ሁኔታ ሊያሟላ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን አጓጓዡ ዕቃው ለበዓሉ እንደሆነ አውቆ የተቀበለ መሆኑ ከተረጋገጠ ነው።

ይህ ማወቅ በካሳው መጠን ላይም ወሳኝ ነው። ቁጥር 1799 ካሳው እንዲህ ያለ ጥፋት በተለመደው ሁኔታ ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያደርጋል፤ ቁጥር 1801 ግን ባለመብቱ ውሉ ሲደረግ ጉዳቱን የሚያከብድ ልዩ ሁኔታ መኖሩን ለባለዕዳው ነግሮ እንደነበር ካስረዳ፣ ባለዕዳው የደረሰውን ከፍ ያለ ጉዳት ጭምር እንዲከፍል ያደርገዋል። ስለዚህ ካርቶኑን ዝም ብሎ ያስረከበ ላኪና «ይህ ለዒድ ገበያ ነው፤ ከዒድ በኋላ ቢደርስ አይሸጥልኝም» ብሎ በደረሰኙ ላይ ያስጻፈ ላኪ በአንድ አውቶቡስ ቢልኩም፣ ዕቃቸው እኩል ቢዘገይም፣ በሕግ ፊት የሚጠይቁት ካሳ አንድ አይደለም። በዓለም አቀፍ የማጓጓዣ ሕጎችም ላኪው ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ በመድረሱ ላይ ያለውን ልዩ ጥቅም የሚያስመዘግብበት ሥርዓት አለ፤ ሐሳቡ ያው ነው፤ አጓጓዡ የሚሸከመውን ኃላፊነት አስቀድሞ አውቆ ዋጋውን በዚያ ልክ እንዲተምን ማድረግ።

አጓጓዡ ከኃላፊነት የሚያመልጥበት ዋናው በር ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው፤ ይኸውም ባለዕዳው አስቀድሞ ሊገምተው የማይችልና ውሉን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደው ድንገተኛ ሁኔታ ማለት ነው። ቁጥር 1793 የመንግሥት ክልከላን፣ እንደ ምድር መንቀጥቀጥ፣ መብረቅና ጎርፍ ያሉ የተፈጥሮ አደጋዎችን፣ የውጭም ሆነ የእርስ በርስ ጦርነትን በምሳሌነት ያነሣል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ በመንገድ ላይ የቀረ ጭነት ለዚህ ሰበብ ግልጽ ምሳሌ ነው፤ አጓጓዥን በዚያ ጊዜ መዘግየት መክሰስ ሕጉም ህሊናም የሚደግፈው አይደለም። የጣርማበር ጉም ግን ሌላ ነገር ነው። በክረምት ጣርማበር ላይ ጉም እንደሚወርድና መኪና እንደሚያዘግም በመስመሩ የሚሠራ ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ፣ «ጉም ይዞን ነው» የሚለው ምክንያት ድንገተኛነት ይጎድለዋል፤ በራሱ በአጓጓዡ ድርጅት ውስጥ የተነሣ የሥራ ማቆም አድማም ቢሆን በቁጥር 1794 መሠረት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ተብሎ አይቆጠርም። በተግባር ግን በመናኸሪያ ለሚነገረው ምክንያት ሁሉ እንዲህ ያለ ምርመራ የሚያደርግ ሰው የለም።

በየብስ ዕቃ የማጓጓዝን ሥራ ለይቶ የሚመለከተው የአገሪቱ ሕግ አዋጅ ቁጥር 547/1999 ሲሆን፣ በአንድ ውል በመርከብም በመኪናም ለሚመጣ ጭነት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 548/1999 በዚያው ዓመት ወጥቷል። በዘርፉ ያለውን የተለመደ አሠራር ለመረዳት፣ ኢትዮጵያ ባትገባበትም፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በጄኔቫ የተፈረመው የአውሮፓ የመንገድ ጭነት ስምምነት ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በዚህ ስምምነት ዕቃ ዘገየ የሚባለው በተስማሙበት ቀን ሳይደርስ ሲቀር፣ ቀን ካልተወሰነም ትጉህ አጓጓዥ ሊፈጅበት ከሚገባው ጊዜ በላይ ሲወስድ ነው። የተስማሙበት ቀን ካለፈ 30 ቀን፣ ቀን ካልነበረም አጓጓዡ ከተረከበ 60 ቀን ከሞላው ዕቃው እንደጠፋ ይቆጠራል፤ የመዘግየት ካሳው ከማጓጓዣው ዋጋ አይበልጥም፤ ተቀባዩም ዕቃው ከተሰጠው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ካላቀረበ መብቱን ያጣል። ቀን መጻፍና አለመጻፍ ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቀን ካለ ክርክሩ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው፣ ቀን ከሌለ ግን «ትጉህ አጓጓዥ ከአዲስ አበባ ደሴ በስንት ቀን ይደርሳል» የሚል የምስክርና የግምት ክርክር ይከፈታል።

ፖስታ ከሁሉም ቀድሞ የተቋቋመ ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ከሁሉም ያነሰ ቃል የሚገባ ተቋም ነው። የኢትዮጵያ ፖስታ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ አዋጅ በ1886 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነ፤ የኅብረቱ ስምምነት ለአደራ ደብዳቤና ለጥቅል የሚሰጠው ካሳ በመጥፋት፣ በመዘረፍና በመበላሸት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የቀረ ትርፍንና ተዘዋዋሪ ጉዳትን ፈጽሞ አይጨምርም። ላኪው ዕቃው የት እንደደረሰ የማስፈለግ መብት አለው፤ ጥያቄውንም ከላከበት ማግስት ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። በተጨማሪም በኢትዮጵያ የፖስታ አገልግሎት በዋናነት በፖስታ ሣጥን ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ዕቃ ደረሰ የሚባለው ፖስታ ቤት ሲገባ ነው ወይስ ባለቤቱ ሲረከበው የሚለው ጥያቄ መዘግየትን ለመቁጠር ሌላ እንቅፋት ይሆናል።

ከውጭ አገር በአየር ለሚመጣ ጭነት ደግሞ ኢትዮጵያም ያጸደቀችው፣ እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት አለ። አየር መንገድ መዘግየቱን ለማስቀረት የሚቻለውን ሁሉ እንዳደረገ ወይም ማድረግ እንደማይቻለው ካላስረዳ በቀር ለመዘግየት ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የኃላፊነቱ ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት በዶላር፣ በዩሮ፣ በዩዋን፣ በየንና በፓውንድ ላይ መሥርቶ የሚያሰላው የሂሳብ መለኪያ ሲሆን፣ በዚህ ስሌት በቤተሰብ ከውጭ የተላከ 3 ኪሎ ጥቅል ቢዘገይ፣ ላኪው ልዩ ጥቅሙን ካላስመዘገበ በቀር፣ ካሳው ከ78 ኤስዲአር ሊያልፍ አይችልም፤ ያም ጣሪያ እንጂ የተረጋገጠ ክፍያ አይደለም። ቅሬታው ዕቃው ለተቀባዩ ከቀረበ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ፣ ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ስምምነቱ ለፖስታ ጥቅል አይሠራም፤ በዚያ በኩል አየር መንገዱ ተጠያቂ የሚሆነው ለፖስታ ድርጅቱ ብቻ ነው።

ቀን መቁጠር በደሴ አካባቢ የማይታወቅ ነገር ነው እንዳይባል የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አለ። ከጅቡቲ የሚነሣ ኮንቴይነር በሚሌና በባቲ በኩል ሊደርስበት በሚችለው በዚህ ወደብ፣ አስመጪው ዕቃውን በተፈቀዱት ነፃ ቀናት ውስጥ ካላነሣ የማከማቻ ክፍያ፣ ባዶውን ኮንቴይነር በጊዜው ካልመለሰም ነጋዴው ሁሉ ዲመሬጅ ብሎ የሚያውቀው ቅጣት በየቀኑ ይቆጠርበታል። ታሪፉ የታተመ፣ ቀኑ የተመዘገበ፣ ስሌቱም ክርክር የማይቀበል ነው። እንግዲህ ደንበኛው ሲዘገይ ሠንጠረዥ አለ፤ አጓጓዡ ሲዘገይ ግን ምክንያት አለ። ይህ ሚዛን የተዛባው በሕግ ጉድለት ሳይሆን፣ ውሉን የሚያዘጋጀው ወገን የራሱን ቀን ሳይጽፍ የሌላውን ቀን ብቻ ስለሚጽፍ ነው።

ጉዳዩን ወደ መንግሥት አቤቱታ መውሰድም ሁሉንም አይጠቅምም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ስለሆነ፣ ለልጁ መድኃኒት ያስላከ አባት በአዋጁ ሲጠበቅ፣ ልብስ ለመሸጥ ያስጫነው የቦሩ ሜዳ ነጋዴ ከጥላው ውጭ ይቀራል። ለነጋዴው የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው፤ ለአንድ ካርቶን የማጓጓዣ ዋጋ ደሴ ፍርድ ቤት መመላለስ ደግሞ ከካሳው በላይ ያስወጣል።

ስለዚህ ለነጋዴ የሚበጀው መንገድ የገደብ ውል ነው። ገደብ ማለት ተዋዋዮች ውሉ ካልተፈጸመ ወይም ከዘገየ የሚከፈለውን ገንዘብ አስቀድመው የሚወስኑበት ስምምነት ሲሆን፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1889 ጀምሮ ይፈቅደዋል፤ ትልቁ ጥቅሙም ባለመብቱ የደረሰበትን ጉዳት ባያስረዳ እንኳ ሊጠይቀው መቻሉ ነው፤ በመሠረቱ የአሜሪካኖቹ ዋስትና የሚሠራውን ይሠራል። ከመጫኛው ዋጋ ግማሹ ሲጫን፣ ግማሹ ሲራገፍ የሚከፈል ከሆነ፣ «ዕቃው ከዚህ ቀን ካለፈ በየቀኑ ይህን ያህል ብር ከቀሪው ይቀነሳል» የሚል አንድ መስመር በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ ማስጻፍ ካሳውን ከፍርድ ቤት ወደ ማራገፊያው ቦታ ያመጣዋል። መስመሩ የሁለቱን ወገኖች ፊርማ፣ የርክክቡን ሰዓትና ዕቃው የሚራገፍበትን ቦታ፣ ደሴ መናኸሪያ ይሁን ቦሩ ሜዳ፣ ለይቶ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ሹፌሩ ደሴ በጊዜው ደርሻለሁ ሲል፣ ነጋዴው ቦሩ ሜዳ አልደረሰም ሲል ቀሪው ሂሳብ በሁለቱ መካከል ይንጠለጠላል።