ከካሴት እስከ ብሉቱዝ፦ ሙዚቃ በረጅም መንገድ ሞተር ላይ

በሚያዝያ ወር አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ በሚኖር ወዳጄ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብለን የአሮጌ ሞተሩን ካሴት ማጫወቻ ፈታነው። ሞተሩ ግራና ቀኝ ሻንጣ የተገጠመለት፣ ኋላ የተፈናጠጠው ሰው እንደ ሶፋ የሚደገፍበት የ1994 ሞዴል ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያው ንክኪ ይነሳል፤ ካሴት ሲገባበት ግን ጥርሱ አይዞርም። ወዳጄ አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሳ ነገሩ ታየን። ጥርሱን የሚያዞረው ቀጭን የላስቲክ ቀበቶ በዕድሜ ብዛት ቀልጦ ሬንጅ መስሏል። በጣቴ ስነካው ጥቁር ሆኖ ተጣበቀ፤ በሳሙናም በቀላሉ አልለቀቀም።

ወዳጄ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በሻንጣ ይዞት የመጣ አንድ ካርቶን የአማርኛ ካሴት አለው። ከእነዚያ ዘፈኖች አብዛኞቹ ዛሬ ስልኩ ውስጥ ይገኛሉ። እነሱን ሠላሳ ዓመት በሞላው ማጉያና በአራቱ ስፒከሮች ለመስማት የቱን መንገድ እንያዝ? ጥያቄው ለእኛ አዲስ ይምሰል እንጂ የረጅም መንገድ ሞተር ያላቸው ሰዎች አራት አሥርት ዓመታት ሙሉ ሲጠይቁት ኖረዋል። በደንብ የተያዘ ሞተር ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለግላል። ሙዚቃ የሚጫወትበት ዕቃ ግን በየአሥር ዓመቱ ይለወጣል።

የዚህን ታሪክ መስመር ለመከተል ከሆንዳ ጎልድ ዊንግ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1974 ኮሎኝ ከተማ፣ ጀርመን ውስጥ በተካሄደ የሞተር ሳይክል ትርኢት ለሕዝብ ሲታይ 999 ሲሲ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነበረው፤ የፊት መከለያም ሆነ ሻንጣ ግን አልነበረውም። ሬዲዮማ ጭራሽ አይታሰብም። ገዢዎቹ ክሬግ ቬተር የሚባለው ዲዛይነር የሠራውን ዊንድጃመር የተሰኘ መከለያ እየገዙ ፊቱ ላይ ገጠሙለት። ነፋሱ ከተጋረደ በኋላ ጆሮ ሌላ ነገር መስማት ይችላል፤ ሙዚቃ ወደ ሞተር የገባው በዚያ መከለያ በኩል ነው ብል አልተሳሳትኩም። ሆንዳም ይህን አይቶ በ1980 መከለያውንና ሻንጣዎቹን ራሱ ገጥሞ ኢንተርስቴት የተባለውን ሞዴል አወጣ። በ1982 አስፐንኬድ ተከተለ፤ በ1985 የወጣው ኤልቲዲ ደግሞ አራት ስፒከር ይዞ መጣ። ያማሃ በቬንቸር፣ ካዋሳኪ በቮየጀር፣ ሱዙኪ በካቫልኬድ እየተከተሉ ገቡበት። ሃርሊ ዴቪድሰንም በኤሌክትራ ግላይድ ሞተሮቹ ላይ ሬዲዮና ካሴት እያደረገ ሸጠ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ዕቃ ብቅ አለ። ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያዋለው ጁላይ 1 ቀን 1979 ነው። የሞተር ፋብሪካዎቹ ሙዚቃውን ለሁለት ተሳፋሪ ከመከለያው ላይ ሲለቁት፣ ሶኒ ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ሰጠው። ሁለቱ ሐሳቦች እስከ ዛሬ አልታረቁም፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

በ1990ዎቹ አሮጌውን ከአዲሱ ያገናኘው የካሴት አዳፕተር ነው። ይህቺን ዕቃ ብዙ ሰው ያስታውሳታል። ቅርጿ እንደማንኛውም ካሴት ነው፤ ውስጧ ግን በክሩ ፋንታ ትንሽ ማግኔታዊ ራስ ተቀምጧል፣ ከጎኗም ቀጭን ሽቦ ይወጣል። ሽቦው ሲዲ ማጫወቻው ላይ ሲሰካ፣ የአዳፕተሯ ራስ ከካሴት ማጫወቻው ራስ ጋር ፊት ለፊት ተገጥሞ ድምፁን በማግኔት ኃይል ያስተላልፋል። በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ ክር ያለ የሚመስለው ማጫወቻ፣ ምንም ክር ሳያልፍበት ይዘፍናል። ብልሃቷን ዛሬም አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ ጥርሶቹ ካልዞሩ ብዙ ማጫወቻዎች ካሴቱ አልቋል ብለው ይቆማሉ። ቀበቶው የቀለጠበት የወዳጄ ዓይነት ሞተር ላይ አዳፕተሯም አትሠራም ማለት ነው። ሞተር ላይ ሌላም ጣጣ አለባት፤ ዝናብና አቧራ የሚከለክለው ክዳን ሲዘጋ ሽቦዋን ይቆነጥጠዋል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም አንዱ ወገን ድምፅ ይጠፋል።

ሲዲ በሞተር ላይ ብዙ አልቆየም። ቢኤምደብሊው በ1999 ኬ1200ኤልቲን ሲያወጣ፣ ሆንዳም በ2001 ጎልድ ዊንግን ወደ 1832 ሲሲ ሲያሳድገው፣ ስድስት ሲዲ የሚይዝ ማጫወቻ ሻንጣ ውስጥ ማስገጠም ይቻል ነበር። አንድ ሞተር ከሐሳብ እስከ ገበያ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ሲወጣ ዓለም ሌላ ቦታ ደርሷል። በዚያው በ2001፣ ኦክቶበር 23 ቀን፣ አፕል አይፖድን አስተዋወቀ። 5 ጊጋባይት፣ 1,000 ዘፈን፣ በአንድ ኪስ። የመጀመሪያዎቹ አይፖዶች የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበራቸው፤ ዘፈኑን አስቀድመው ወደ ማስታወሻቸው እየጫኑ 20 ደቂቃ ያህል ሳይንገጫገጩ እንዲጫወቱ ተደርገው ነው የተሠሩት። በ2005 የመጣው ናኖ ፍላሽ ማስታወሻ ስለያዘ የሚሽከረከር ነገር አልነበረውም። የሞተር ንዝረት ሲዲን ያዘልለዋል፤ ናኖን ግን ምንም አላደረገውም። እኔ እንደማየው ለአሮጌ ሞተር እንደ ናኖ የተስማማ ማጫወቻ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተሠራም።

አይፖድን ከሞተሩ ሬዲዮ ጋር ለማገናኘት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሞከረው የኤፍኤም ማሰራጫ ነው። ትንሿ ዕቃ ከማጫወቻው የሚመጣውን ድምፅ በአንድ ባዶ ጣቢያ ላይ ታሰራጫለች፣ የሞተሩ ሬዲዮ ይቀበላል። ሽቦ መቁረጥ የለ፣ መፍታት የለ። ችግሩ የአሜሪካ ሕግ ፈቃድ የሌለውን ማሰራጫ ጉልበት እጅግ ዝቅ አድርጎ መወሰኑ ነው፤ ሞተሩ ላይ ደግሞ አንቴናው ከኋላ ቆሞ፣ ማሰራጫዋ ከፊት ኪስ ውስጥ ተቀብራ ትቀመጣለች። ገጠር ውስጥ ደህና ይሠራል። ወደ ዋሽንግተን ሲቃረቡ ግን እውነተኛ ጣቢያ መጥቶ ዘፈኑን ይውጠዋል፤ ነጂው በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ባዶ ጣቢያ ፍለጋ ዓይኑን ከመንገድ ያነሳል። ይህ ለሕይወት ያሰጋል። ለሞተር አልመክረውም።

የቀረው በር አውክስ የሚባለው ነው። አንዳንድ የድሮ የረጅም መንገድ ሞተሮች ከውጭ ድምፅ የሚቀበሉበት ሶኬት ከፋብሪካው ጀምሮ አላቸው፤ ባለቤቶቻቸው ሃያ ዓመት ሙሉ ሳያውቁት የኖሩም አሉ። ንድፉን የሠራው መሐንዲስ አይፖድንም ብሉቱዝንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ግን የሚመጣውን ሳያውቅ በሩን ክፍት ተወው፤ ከሁሉም ዘዴ ረጅም ዕድሜ ያገኘውም ያ በር ሆነ። አይፖድ እንዲሰካባቸው ብቻ ታስበው የተሠሩት ባለ 30 እግር ማያያዣዎች በ2012 ላይትኒንግ ሲመጣ ባዶ ቀሩ። ተራው 3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ግን ዛሬም ይሠራል።

ወዳጄም ሞተሩ ላይ ሶኬቱን አገኘው፤ ከወንበሩ ስር፣ ፕላስቲክ ቆብ ተደፍቶበት። አሮጌ ናኖ ሰካን፣ ከሞተሩ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ ገመድ አገናኘን፣ ሞተሩን አስነሳን። ዘፈኑ መጣ። ከዘፈኑ ጋር ግን የትንኝ ዓይነት ቀጭን ፉጨት አብሮ መጣ፤ ጋዝ ሲሰጥ ይጨምራል፣ ሲለቅ ይቀንሳል። ወዳጄ ፊቱ ጠቆረ፤ ማጉያው ተቃጠለ ብሎ ነበር።

ማጉያው ምንም አልሆነም። ማጫወቻው ወደ ሞተሩ ግራውንድ (ኤሌክትሪኩ ወደሚመለስበት የሞተሩ ብረት) ሁለት መንገድ አገኘ፤ አንዱ በቻርጅ ገመዱ፣ ሌላው በድምፅ ገመዱ። በሁለቱ መካከል ባለችው ጥቂት የቮልት ልዩነት ምክንያት የአልተርኔተሩ ሞገድ በድምፅ ገመዱ ውስጥ ያልፋል፤ ማጉያውም ሙዚቃ ነው ብሎ ያጎላዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። የቻርጅ ገመዱን ነቀልኩት።

«አንተ፣ ዝም አለ እኮ!» አለ ወዳጄ።

መድኃኒቱ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚባል፣ ውስጡ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ያሉት፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው። ድምፁን በማግኔት ያሻግራል፣ ሁለቱን ግራውንዶች ግን ያለያያል። በድምፅ ገመዱ መሐል አስገባነው፣ ቻርጁን መልሰን ሰካን፣ ፉጨቱ ጠፋ። አንድም የፋብሪካ ሽቦ አልቆረጥንም። በዚህ አጥብቄ እከራከራለሁ፤ አሮጌ ሞተር ላይ የሚጨመር ነገር ሁሉ ነገ ሊፈታ የሚችል መሆን አለበት። ቀጣዩ ባለቤት ሌላ ዕቃ ይዞ መምጣቱ አይቀርምና።

ኤሌክትሪኩ ይበቃል ወይ ብለው የሚሰጉ አሉ። ከ1988 እስከ 2000 የተሠራው ባለ ስድስት ሲሊንደር ጎልድ ዊንግ 546 ዋት ያመነጫል፤ ቀጥሎ የመጣው 1,100 ዋት። ናኖ ከ5 ዋት በላይ አይፈልግም፤ የፊት መብራቱ ብቻ ከአሥር እጥፍ በላይ ይበላል። ስጋት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ማጉያ ሲገጠም ነው።

ፋብሪካዎቹም ኋላ ላይ ደረሱበት። ጎልድ ዊንግ በ2012 ሞዴሉ ዩኤስቢና አይፖድ ተቀበለ፤ ሃርሊ በ2014 ሞዴሎቹ ብሉቱዝ አስገባ፤ በ2018 ጎልድ ዊንግ አፕል ካርፕሌይን የያዘ የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል ሆነ። በዚህ መሐል ግን ብዙ ነጂዎች ሞተሩን ትተው ድምፁን ወደ ሄልሜት አዛወሩት። ሴና በ2010 ያወጣው ኤስኤምኤች10 ዓይነት መገናኛ ሄልሜቱ ላይ ተለጥፎ ከስልክ ዘፈን ይቀበላል፤ የሞተሩ ዕድሜ ምንም ለውጥ አያመጣበትም። አይፎን በ2016 የማዳመጫ ቀዳዳውን ካስወገደ በኋላ ደግሞ ጉዞው ወደዚያው በረታ።

በሄልሜት መስማት ምቹ ነው፣ ግን በጆሮ ላይ ሸክም አለው። በአውራ ጎዳና ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ የሚገባው የነፋስ ድምፅ ብቻውን ከ90 ዴሲቤል ያልፋል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም ናዮሽ ለ85 ዴሲቤል ከስምንት ሰዓት በላይ አይመክርም፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ከነፋሱ በላይ እንዲሰማ ድምፅ የሚጨምር ሰው ጆሮውን እየከፈለ ነው። ጥጥ መሰል መድፈኛ ጆሮ ውስጥ አድርጎ በላዩ የሄልሜቱን ስፒከር መክፈት ይሻላል፤ መድፈኛው ነፋሱንም ሙዚቃውንም አብሮ ስለሚቀንስ ዘፈኑ ጥርት ብሎ ይሰማል። ግን የየአካባቢን ሕግ ማየት ያስፈልጋል፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ሁለቱንም ጆሮ በማዳመጫ ደፍኖ መንዳትን ትከለክላለች።

ስልኩን መሪው ላይ ማሰርም እንዲሁ ቀላል አይደለም። አፕል በሴፕቴምበር 2021 የኃይለኛ ሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎን ካሜራን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። አፕል አይፖድን በ2022 ቢያቆምም፣ የሞተር ኪስ ውስጥ የሚኖር አሮጌ ናኖ ለእኔ አሁንም ትክክለኛው ምርጫ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በግንቦት ወዳጄና ባለቤቱ በሞተራቸው፣ እኔ በመኪናዬ ወደ ስካይላይን ድራይቭ ወጣን። በብሉ ሪጅ ተራሮች ጫፍ ላይ 105 ማይል የሚዘልቅ መንገድ ነው፤ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል፣ ማለትም 56 ኪሎ ሜትር። በዚህ ፍጥነት ነፋሱ ይለሰልሳል፣ ስፒከሮቹ ይሰማሉ፣ ኋላ የተፈናጠጠችውም አብራ ትሰማለች። ለሁለት ሰው የተሠራ ሙዚቃ የተሠራበትን ቦታ አገኘ። ሸለቆው ወለል ብሎ የሚታይበት አንድ ማረፊያ ላይ ቆሙ። ወዳጄ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ሬዲዮው ብቻ ወደሚሠራበት መለሰው። ባለቤቱ ሄልሜቷን አውልቃ በዘፈኑ መሐል ገባችበት፤ ቃሉን ከካሴቱ ጊዜ ጀምሮ በልቧ ታውቀዋለች።