የደም ኤሌክትሮላይት መመርመሪያ መሣሪያ የገበያ ይለፍ፦ ምን ያረጋግጣል? ምንስ ለባለሙያው ይተዋል?

መግቢያ

የሶዲየም፣ የፖታሲየምና የክሎራይድ ልኬት በሆስፒታሎች በብዛት ከሚታዘዙት የላቦራቶሪ ምርመራዎች አንዱ ነው። ውጤቱን ተከትሎ የሚሰጠው ሕክምናም ብዙ ጊዜ የሚዘገይ አይደለም። የበሽተኛው ፖታሲየም 6.8 ሚሊሞል በሊትር መሆኑ የተነገረው ሐኪም ካልሲየም ግሉኮኔት፣ ኢንሱሊንና ግሉኮስ ያዛል፤ 2.4 ነው የተባለ እንደሆነ ደግሞ ፖታሲየም ክሎራይድ በደም ሥር እንዲሰጥ ያደርጋል። ቁጥሩ የተሳሳተ ከሆነ ግን ሁለቱም ሕክምናዎች በሽተኛውን ለሞት ሊያበቁት ይችላሉ።

ይህን ቁጥር የሚያወጣ መሣሪያ ሲገዛ ወይም በእርዳታ ሲመጣ በቅድሚያ ከሚነሡት ማስረጃዎች አንዱ መሣሪያው በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍ.ዲ.ኤ.) የጸደቀ መሆኑ ነው። ይህ አነጋገር አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይደለም። መሣሪያው ያገኘው ማጽደቂያ ሳይሆን የገበያ ይለፍ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የባለሙያው ኃላፊነት ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው ይኸው ልዩነት ነው። ይህ ጽሑፍ የይለፉን ምንነት፣ የሚያረጋግጠውንና ለላቦራቶሪውና ለሐኪሙ የሚተወውን ሥራ ለማስረዳት ይሞክራል።

ይለፍና ማጽደቅ

አሜሪካ የሕክምና መሣሪያዎችን ከገበያ በፊት መቆጣጠር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የሕግ ማሻሻያ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መሣሪያዎች እንደ አደጋቸው መጠን በሦስት ክፍል ይመደባሉ። ከፍተኛ አደጋ ያላቸው የሦስተኛው ክፍል መሣሪያዎች በአብዛኛው ደኅንነታቸውና ፈዋሽነታቸው በራሳቸው ማስረጃ ተመርምሮ የሚጸድቁ ናቸው። የሶዲየም፣ የፖታሲየምና የክሎራይድ መመርመሪያዎች ግን በሁለተኛው ክፍል ውስጥ የሚገኙ በመሆናቸው የሚያልፉበት መንገድ ሌላ ነው። ይህ መንገድ የተሰየመበት የሕጉ ክፍል ቁጥር 510(ኬ) ነው።

በዚህ መንገድ አምራቹ መሣሪያውን ለገበያ ከማቅረቡ ቢያንስ 90 ቀን አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤቱ ያሳውቃል። በማሳወቂያው ውስጥ ቀደም ሲል በሕጋዊ መንገድ ገበያ ላይ የዋለ አንድ መሣሪያ ለማነጻጸሪያነት ይመርጥና አዲሱ መሣሪያ ከዚያኛው ጋር በመሠረቱ አቻ መሆኑን ያሳያል። የታሰበላቸው አገልግሎት አንድ መሆን አለበት፤ የአሠራር ልዩነት ካለም ልዩነቱ አዲስ የደኅንነት ወይም የውጤታማነት ጥያቄ የማያስነሣ መሆን ይኖርበታል። መሥሪያ ቤቱ ከተስማማ ይለፉን ይሰጣል።

ስለሆነም የይለፉ ቃል «ይህ መሣሪያ ከዚያኛው አያንስም» የሚል ነው እንጂ «ይህ መሣሪያ በማንኛውም ሁኔታ እውነተኛውን መጠን ይናገራል» የሚል አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1996 በልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ምክንያት በቀረበለት ክርክር ላይ ይህ መንገድ የሚያተኩረው በአቻነት ላይ እንጂ በደኅንነት ላይ አለመሆኑን አመልክቷል። አምራቹ ይለፍ በማግኘቱ ብቻ መሣሪያዬ በይፋ ጸድቋል ብሎ ቢያስነግር ደንቡ ራሱ አሳሳች አድራጎት ይለዋል።

ይህ ማለት ግን መንገዱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ኤሌክትሮላይትን በኤሌክትሮድ መለካት ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የተሠራበት ዘዴ ነው። ለእንዲህ ያለው መሣሪያ ከታወቀ አቻው ጋር ማነጻጸር ተገቢ መመዘኛ ነው። አስፈላጊው ነገር መመዘኛው የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅ ነው።

በአውሮፓም ሁኔታው ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የቀድሞው መመሪያ መሠረት በአብዛኞቹ የኤሌክትሮላይት መመርመሪያዎች ላይ ምልክቱን የሚለጥፈው አምራቹ በራሱ መግለጫ ነበር። ጠበቅ ያለው አዲሱ ደንብ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከግንቦት 26 ቀን 2022 ጀምሮ ሲሆን ቀደም ብለው ገበያ ላይ ለነበሩት የሽግግር ጊዜ ተሰጥቷል።

በሰነዱ ውስጥ ምን ይገኛል?

መሥሪያ ቤቱ ለላቦራቶሪ መመርመሪያዎች የሚያወጣው የውሳኔ ማጠቃለያ ማንም ሊያነበው የሚችል ሰነድ ነው። በውስጡ አምስት ነገሮችን መፈለግ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የታሰበለት አገልግሎት ነው፤ መሣሪያው የሚለካው ሴረም፣ ፕላዝማ ወይስ ሙሉ ደም ነው? ናሙናው ከየትኛው የደም ሥር፣ በየትኛው ቱቦ የተወሰደ ነው? ሁለተኛው አንድን ናሙና ደጋግሞ ሲለካ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚቀራረብ ነው። ለዚህ የሚሠራበት የተለመደው ጥናት 20 ቀን የሚፈጅ ሲሆን በየቀኑ ሁለት ዙር፣ በየዙሩም ሁለት ልኬት ይደረጋል፤ በድምሩ 80 ውጤት ይሆናል። ሦስተኛው የልኬት ክልል ነው። አራተኛው በበሽተኞች ናሙና ላይ ከማነጻጸሪያው መሣሪያ ጋር የተደረገው ንጽጽር ነው። አምስተኛው ልኬቱን የሚያዛቡ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ነው፤ ለምሳሌ ብሮማይድ በብዙ የክሎራይድ ኤሌክትሮዶች ላይ ክሎራይድን በሐሰት ከፍ ያደርጋል።

ሁለት አቻ መሣሪያዎች፣ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች

አዮን መራጭ ኤሌክትሮድ የሚለካው የኤሌክትሪክ ቮልቴጅን ነው። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአንድ ነጠላ ሙል አዮን መጠን በዐሥር እጥፍ ሲለወጥ ቮልቴጁ ወደ 61.5 ሚሊቮልት ገደማ ይለወጣል። በዚህ ስሌት ፖታሲየም ከ4 ወደ 5 ሚሊሞል በሊትር ሲወጣ ለውጡ 6 ሚሊቮልት ያህል ነው፤ ሶዲየም ከ136 ወደ 140 ሲወጣ ግን አንድ ሚሊቮልት እንኳ አይሞላም። መሣሪያው በየጊዜው መስተካከልና በቁጥጥር ናሙና መፈተሽ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ልኬቱ በሁለት መንገድ ይከናወናል። በቀጥተኛው ዘዴ ኤሌክትሮዱ ያልቀጠነውን ናሙና ይነካል። በትልልቆቹ የኬሚስትሪ ማሽኖች በብዛት የሚሠራበት ቀጥተኛ ያልሆነው ዘዴ ግን ናሙናውን አስቀድሞ ያቀጥናል፤ ውጤቱንም ሲያሰላ ከፕላዝማው 93 በመቶ ያህሉ ውኃ፣ ቀሪው ፕሮቲንና ቅባት ነው ብሎ ይነሣል። በጤናማ ሰው ላይ ይህ ግምት ስሕተት አያመጣም። በፕላዝማ ውኃ ውስጥ ያለው ሶዲየም በሊትር 150 ሚሊሞል ቢሆን 150 በ0.93 ሲባዛ 140 ይሆናል። ነገር ግን ቅባት ወይም ፕሮቲን እጅግ በመብዛቱ የውኃው ድርሻ ወደ 80 በመቶ ቢወርድ ይኸው ማሽን 120 ይላል። ቀጥተኛው መሣሪያ ግን 140 ማለቱን ይቀጥላል። ሐሰተኛ የሶዲየም ማነስ የሚባለው ይህ ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን ሐኪም እንግዳ አይደለም። በመተማና በሁመራ ቆላማ አካባቢዎች በሚታየው ካላአዛር የግሎቡሊን መጠን በጣም ከፍ ይላል፤ በማይሎማም እንዲሁ። በተቃራኒው በከባድ የምግብ እጥረት ወይም በኔፍሮቲክ ሲንድሮም አልቡሚን በጣም ሲወርድ ቀጥተኛ ያልሆነው ዘዴ ሶዲየምን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ እውነተኛ ማነስም ጤናማ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱም ማሽኖች ይለፍ ያገኙ ናቸው፤ ሁለቱም በተለመዱት ናሙናዎች ላይ አቻ ሆነው ታይተዋል። አንድ በሽተኛ ድንገተኛ ክፍል በአንደኛው፣ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል በሌላኛው ተለክቶ ሶዲየሙ ተለወጠ ቢባል ግን የተለወጠው በሽተኛው ሳይሆን ዘዴው ሊሆን ይችላል።

ይለፉ የማይደርስበት ቦታ

በፖታሲየም ልኬት ላይ የሚደርሰው ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው ናሙናው ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው የፖታሲየም ክምችት በፕላዝማ ካለው ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ሕዋሳቱ በደም አወሳሰድ ጊዜ ሲፈራርሱ ፖታሲየም በሐሰት ከፍ ይላል። ጉዳቱ በሐሰተኛ ብዛት ብቻ አያበቃም። በተቅማጥ ምክንያት ፖታሲየሙ 2.6 የደረሰ ሕፃን ናሙናው በመበላሸቱ 3.8 ሊባልና መታከም ሲገባው ሊታለፍ ይችላል።

ሴረም በሴንትሪፉጅ ሲለይ የሕዋሳት መፈራረስ በቀለሙ ይታወቃል። በሙሉ ደም የሚሠራ መሣሪያ ላይ ግን በዓይን የሚታይ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ይለፍ ያገኘው ጀም ፕሪሚየር 7000 የተባለው የደም ጋዝ መመርመሪያ መፈራረስን ራሱ እንዲለይ ተደርጎ የተሠራው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ይህ አቅም በሌላቸው መሣሪያዎች ግን ጥርጣሬው የሐኪሙ ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

ያልተለየ ደም በማቀዝቀዣ ውስጥ ከቆየ ፖታሲየም ከሕዋሳቱ ይወጣል፤ በሞቃት ቦታ ሲቆይ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ወደ ሕዋሳቱ ሊገባ ይችላል። ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል በሚጓጓዝበት አገር ይህ ዘወትር የሚያጋጥም ጉዳይ ነው። የፖታሲየም ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ካለው ቱቦ ደም ወደ ሌላ ቱቦ ከተገለበጠ ፖታሲየም ከፍ፣ ካልሲየም ዝቅ ይላል። ክንድ ታስሮ ጡጫ ደጋግሞ መጨበጥም ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል።

የአጠቃቀም ሁኔታዎችም የይለፉ አካል ናቸው። በበሽተኛው አልጋ አጠገብ የሚሠራውን አይ-ስታትን እንውሰድ። ኬም 8+ የተባለው ካርትሪጅ 95 ማይክሮሊትር ደም ብቻ ይበቃዋል፤ ፖታሲየምን ከ2.0 እስከ 9.0 ሚሊሞል በሊትር ይለካል። ካርትሪጆቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣሉ፤ አይ-ስታት 1 የተባለው ማንበቢያ ደግሞ የሚሠራው ከ16 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በሰመራ ወይም በጋምቤላ ማቀዝቀዣ አየር በሌለው ክፍል ይህ ወሰን በቀላሉ ይታለፋል። ከወሰኑ ውጭ የተገኘ ውጤት ይለፉ የማይሸፍነው ውጤት ነው።

ከይለፉ በኋላ የሚጠበቅብን

የአሜሪካው የላቦራቶሪዎች ሕግ ራሱ በይለፉ ብቻ አይረካም። ቀላል ተብለው ከተለዩት ምርመራዎች በስተቀር፣ ይለፍ ያገኘ መሣሪያ የገዛ ላቦራቶሪ የመጀመሪያውን ውጤት ለሐኪም ከማውጣቱ በፊት ትክክለኛነቱን፣ የተደጋጋሚ ልኬት ተቀራራቢነቱን፣ የልኬት ክልሉንና ለአካባቢው ሕዝብ ጤናማ የሚባለውን መጠን በራሱ ቦታና በራሱ ሠራተኞች ማረጋገጥ አለበት። ለላቦራቶሪዎች የውጭ ምዘና የተፈቀደው የስሕተት ወሰን እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለሶዲየም 4 ሚሊሞል በሊትር፣ ለፖታሲየም 0.3 ሚሊሞል በሊትር፣ ለክሎራይድ 5 በመቶ ነው፤ የፖታሲየሙ ወሰን ቀድሞ 0.5 ነበር። በመሆኑም ፖታሲየም ከ5.2 ወደ 5.4 ቢወጣ ለውጡ የበሽታው ነው ብሎ ወዲያውኑ መደምደም አይገባም።

በኢትዮጵያ የሕክምና መሣሪያዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተሰጥቷል። የባለሥልጣኑ ምዝገባ እንደ ውጭው ይለፍ ሁሉ መነሻ ነው፤ በላቦራቶሪው ውስጥ የሚደረገውን ማረጋገጫ አይተካም። በተግባር የሚከተሉትን ማድረግ ይቻላል፦

1. መሣሪያ ሲመረጥ ይለፉን ብቻ ሳይሆን የይለፉን ቁጥርና የውሳኔ ማጠቃለያውን መጠየቅ፤
2. አዲሱን መሣሪያ ነባሩ ሳይነሣ በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ መጠን ባላቸው የበሽተኞች ናሙናዎች ማነጻጸር፤
3. የልኬት ዘዴው ቀጥተኛ መሆን አለመሆኑን በውጤት ወረቀቱ ላይ መግለጽ፤
4. የቁጥጥር ናሙና፣ የኤሌክትሮድ መለዋወጫና የካርትሪጅ አቅርቦት በግዥ ውሉ ውስጥ ማካተት፤
5. የክፍሉንና የማቀዝቀዣውን ሙቀት በየቀኑ መመዝገብ፤
6. ያልተጠበቀ የፖታሲየም ውጤት ሲመጣ ኤሌክትሮካርዲዮግራም ማንሣትና ናሙናውን በጥንቃቄ ደግሞ መውሰድ። የአደገኛ ፖታሲየም ምልክት በኤሌክትሮካርዲዮግራም ላይ ከታየ ግን ድጋሚውን ውጤት ሳይጠብቁ ሕክምና መጀመር ያስፈልጋል፤ ኤሌክትሮካርዲዮግራሙ ጤናማ መሆኑም ብቻውን አደጋ የለም አያሰኝም።

ማጠቃለያ

የገበያ ይለፍ አንድ የኤሌክትሮላይት መሣሪያ በተጠቀሰለት ናሙናና በተወሰነለት ሁኔታ ከታወቀ አቻው ጋር መስተካከሉን ይመሰክራል። ይህ ምስክርነት አስፈላጊ ነው፤ የሌለውን መሣሪያ መግዛት አይመከርም። ሆኖም ደሙ እንዴት እንደተወሰደ፣ ምን ያህል መንገድ እንደተጓዘ፣ ክፍሉ ምን ያህል እንደሚሞቅና በሽተኛው ምን ያህል ፕሮቲን በደሙ እንዳለ ይለፉን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሊያውቅ አይችልም። ይህን የሚያውቁት ደሙን የቀዳችው ነርስ፣ ናሙናውን የተቀበለው የላቦራቶሪ ባለሙያና ውጤቱን ከበሽተኛው ሁኔታ ጋር የሚያገናዝበው ሐኪም ናቸው። ስለዚህ ከበሽተኛው ሁኔታ ጋር የማይጣጣም ቁጥር ሲመጣ ሐኪሙ ወደ ላቦራቶሪው ስልክ ይደውል፤ የላቦራቶሪ ባለሙያውም ናሙናው የተጠራጠረውን ያህል ሳያመነታ ይናገር።